ያላየሁት ዛፍ

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ዕቃ ሲገዛ ለራሱ ብቻ አይገዛም። ያን እሑድ ከፒያሳ ሲመለስ ለቤተሰቡ በሙሉ የሚበቃ የፕላስቲክ መነጽር በፌስታል ይዞ መጣ። መነጽሩ እፍ ቢሉት የሚበር ቀላል ነገር ነው። በግራ ዐይን በኩል ያለው መስታወት ጥርት ያለ ነጭ፣ በቀኝ በኩል ያለው ደግሞ ጥቁር ነው። ሻጩ ምን ብሎ እንዳሳመነው እንጃ፣ እሱ ግን ሳሎኑ መሀል ቆሞ እንደ ሰባኪ ያስረዳን ጀመር።

"በቃ ይሄን ማድረግ ብቻ ነው። ልዩ ፊልም ምናምን አያስፈልገውም። ማንኛውም ቲቪ ላይ ያለ ምስል ተነስቶ ይመጣል።"

"ተነስቶ ወዴት ነው የሚመጣው?" አሉ አማቴ።

"አንቺ ጋ ነዋ እማዬ!"

የምንኖረው ሽሮ ሜዳ፣ አማቴ ግቢ ውስጥ ነው። እኔ ከዚያው ሳልርቅ የሀበሻ ልብስ እሸጣለሁ፤ ባለቤቴ ጎሚስታ ቤት ይሠራል። እሑድ ከምሳ በኋላ ሁላችንም አማቴ ሳሎን ተሰብስበን ቴሌቪዥን ማየት ልማዳችን ነው። አማቴ ሶፋው መሀል ይቀመጣሉ፣ ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ግራና ቀኛቸውን ይይዛሉ፣ እኔና የሁለተኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ ምንጣፉ ላይ እንሆናለን። መነጽሩ ታደለን። ሁላችንም ስናጠልቀው እርስ በርስ ተያይተን ሳቅን፤ አማቴ በነጠላቸው ላይ ሲያደርጉት ፖሊስ ይመስሉ ነበር።

የባለቤቴ ወንድም ከስልኩ ላይ አንድ ቪዲዮ ቴሌቪዥኑ ላይ ለቀቀ። ከሚሄድ መኪና መስኮት የተቀረጸ የገጠር መንገድ ነው። ዛፍ፣ አጥር፣ ቤት፣ እንደገና ዛፍ፣ ሁሉም ወደ ጎን ያልፋል። መጀመሪያ የጮሁት አማቴ ናቸው።

"በስመ አብ! ዛፉ እኮ ቤት ገባ!"

ባለቤቴ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ሸሸት አደረገ። ወንድሙ እጁን ዘርግቶ የሌለ ቅጠል ሊይዝ ሞከረ። እውነትም የሆነ ነገር ታይቷቸዋል፤ ቅርቡ ቀርቦ፣ ሩቁ ርቆ፣ በመሀል አየር ገብቶበት። እኔ ግን ቤቱ ሳይመሽ መሸብኝ እንጂ ምንም አልመጣልኝም።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። የግራ ዐይኔ ለወግ የተቀመጠ ነው። ሲያዩት ደህና ነው፣ አይንሸዋረርም፣ ያለቅሳል፣ እንደ እኩያው ይኳላል። ጥላና ቀለም ይለይልኛል፤ ከዚያ በላይ አይጠየቅም። የምኖረው በቀኙ ነው። ይህ መነጽር ደግሞ ሁለቱም ዐይን እኩል ካልሠራ ፋይዳ የለውም፣ በዚያ ላይ ጥቁሩን መስታወት ያኖረው በደህናው ዐይኔ ላይ ነው። ይህን ቤት ውስጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ባለቤቴም አያውቅም።

ስለዚህ ዕድሜዬን ሙሉ ሳደርግ የኖርኩትን አደረግኩ። ሰው ሲደነግጥ ደነገጥኩ፣ ሰው "ውይ" ሲል "ውይ" አልኩ። በዚህ ሙያ ማንም አይደርስብኝም። ችግሩ ሁልጊዜ ትንሽ መዘግየቴ ነው።

"አንቺ ደግሞ ኔትወርክሽ ዘገምተኛ ነው እንዴ? ሁሉም ካለፈ በኋላ ነው የሚደርስሽ" አለኝ የባለቤቴ ወንድም።

ሁሉም ሳቁ። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ፤ ተረቡ ቆጠቆጠኝ። በሚቀጥለው ቀድሜያቸው እጮኻለሁ ብዬ ወሰንኩ። በዚህ መሀል ስልኩ ጠራና ቪዲዮውን አቆመው። ቴሌቪዥኑ ላይ ትልቅ ዋርካ ከነቅርንጫፉ ስክሪኑን ሞልቶ ቀረ። እንዲህ ያለ ግዙፍ ዛፍ ካልመጣ ምን ሊመጣ ነው አልኩና "ወይኔ!" ብዬ ፊቴን በእጄ ከልዬ ወደ ኋላ ተንጋለልኩ።

ሳሎኑ ውስጥ አብራኝ የጮኸች አንዲት ድምፅ ብቻ ነበረች። የልጄ።

"ምን ሆናችሁ?" አለ የባለቤቴ ወንድም ስልኩን ከጆሮው አንስቶ። "ቆሟል እኮ! ምስሉ ወደ ጎን ሲሄድ ነው የሚሠራው። ሲቆም ያው ተራ ፎቶ ነው!"

ባለቤቴ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። አማቴ እንደ ልማዳቸው ደገፉን። "ተዋቸው! እናትና ልጅ ድንጉጦች ናቸው። ጨዋ ሰው ድንጉጥ ነው።" እኔም ሳቅኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ፣ ሆዴ እያወቀ ከሁሉም በላይ እኔ ነኝ የሳቅኩት። ከዚያ ዞር ስል ልጄን አየኋት። እሷም እጇን እንደ እኔ ፊቷ ላይ አድርጋለች፣ እሷም ትስቃለች፤ ዐይኗ ግን ቴሌቪዥኑ ላይ አልነበረም። አፌን እያየች ነበር የምትስቀው።

አማቴ እኔን ለልጃቸው የመረጡኝ በአረማመዴ ነው። ይህን ሽሮ ሜዳ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ምክንያቱም ለሁሉም ነግረውታል። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ሊያዩኝ ቀጨኔ እናቴ ቤት መጥተው ነበር። ቤታችን ዳገት ላይ ነው፤ ከማድ ቤቱ ወደ ሳሎን የሚያወርደው የድንጋይ ደረጃ አንዱ አጭር አንዱ ረጅም ነው። ለስላሳ የተደረደረበትን ትሪ ይዤ አንገቴን ደፍቼ፣ እግሬን እየመረጥኩ፣ ዝግ ብዬ ወረድኩ። አማቴ በኋላ ሲያወሩ "መሬቱን ሳትጎዳው ነው የወረደችው" ይላሉ። እኔ ለመሬቱ አዝኜ አልነበረም። ደረጃው የት እንደሚያልቅ ስለማይታየኝ በእግር ጣቴ እየዳሰስኩ ነው የወረድኩት።

እንደ ደንቡ አጣርተዋል። ጎረቤት ጠይቀዋል፤ በዘሯ በሽታ አለ ወይ፣ ጠባይዋ እንዴት ነው ተብሏል። እናቴ ቀድማ አስጠንቅቃኝ ነበር። "ዐይንሽ ሰው አልበላ፣ ምን ብለሽ ታወሪዋለሽ?" አለችኝ። ልጅ ሳለሁ አንዲት አስተማሪዬ ደርሳበት፣ ሳላድግ ብታከም እንደሚሻለኝ፣ ደህናው ዐይኔ ለጊዜው ተሸፍኖ ሰነፉ እንዲሠራ እንደሚደረግ ለእናቴ ነግራት ነበር። እናቴ ዐይኔ ተሸፍኖ በቀጨኔ መንገድ ስሄድ ሰው የሚለው ታያት። ሴት ልጄን ዕውር ይሉብኛል አለች። ገመና ተሸፍኖ ይኑር ተባለ። በእናቴ አልፈርድም ማለት ነበረብኝ፤ እፈርዳለሁ።

ጉዱ ግን ይህ አይደለም። ጉዱ፣ ዐይኔ ያጎደለብኝን ነገር ሁሉ አማቴ ጨዋነት ማለታቸው ነው። እንግዳ ሳስታጥብ ውኃው ከእጃቸው ውጪ እንዳይፈስ ማንቆርቆሪያውን ጎንበስ ብዬ በጣም አስጠጋለሁ፤ "አክብሮቷን እዩልኝ" ይላሉ። ዕቃ ሲሰጡኝ በሁለት እጄ ነው የምቀበለው፤ በአንድ እጄ ከሞከርኩ እስተዋለሁ። "ዘመናይ አይደለችም፣ በሁለት እጇ ትቀበላለች" ይላሉ። ልጄም ስታድግ የሰፈሩ ልጆች ቦዩን ዘለው ሲሻገሩ እሷ ዳር ዳሩን ሄዳ በድንጋዩ ድልድይ ትዞራለች። አማቴ በር ላይ ቆመው ለሚያልፈው ሁሉ "ቁርጥ እናቷን! እርጋታዋን አያችሁ?" ይላሉ።

እኔ ደግሞ ይህን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ፊቴን የሚያቃጥለኝ ይህ ነው። እንዲህ ያለ እርጋታ ከምን እንደሚሠራ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፤ እኔው ቆሜ "ቁርጥ እናቷን" ስባል ልቤ በኩራት ያብጥ ነበር።

ያን እሑድ ዕቃ ላጥብ ብዬ ወደ ማድ ቤት ስገባ ልጄን ጠራኋትና በሩን ገፋ አደረግኩት። በመዳፌ ግራ ዐይኗን ሸፈንኩ፤ ጣቴን አሳየኋት፣ ወዲያው ነገረችኝ። ቀኙን ሸፈንኩ። አንገቷን ቀስ ብላ አዞረችና በጣቶቼ መሀል ባለች ክፍተት በደህናው ዐይኗ አሾልካ አየች። እኔም ልጅ ሆኜ በዚሁ መንገድ ነበር የማታልለው።

"አታሾልቂ" አልኳት። "ይታይሻል?"

"ትንሽ።"

"ቅድም ዛፉ ሲመጣ ታይቶሽ ነበር?"

መልስ ከመስጠቷ በፊት ፊቴን አጠናች። "አንቺ ስትጮኺ ነው የጮህኩት" አለች። "ካልጮህኩ ይስቁብኛላ።"

ማንም ሳያስተምራት፣ እኔ እንኳን አስተማሪዋ መሆኔን ሳላውቅ፣ ሙያዬን ጨርሳ ተምራዋለች። ልጄ ገና ትንሽ ነች፤ የእኔ ጊዜ ቢያልፍም የእሷ ላያልፍ ይችላል። ነገር ግን ሐኪም ቤት ከሄድን ከማን እንደወረሰችው መጠየቁ አይቀርም፣ እኔም ለባለቤቴ፣ ከእሱ ይልቅ ደግሞ ለእናቱ፣ ያገባኋችሁ ደብቄያችሁ ነው ልል ነው። ለልጄ ዐይን ብዬ ይህን ወዲያው መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ለባለቤቴ "ሰሌዳው ራቀኝ ብላኛለች፣ ላሳያት ነው" ብቻ አልኩት። ብቻዬን ሄጄ፣ የሚባለውን ብቻዬን ሰምቼ፣ የሚነገረውን መርጬ ልነግራቸው ነበር ሐሳቤ።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ አማቴ ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ጠበቁኝ። "ሐኪም ቤት ብቻ ይኬዳል እንዴ? ሰው የለሽም?" አሉ። እምቢ ማለት አይቻልም፤ ጨዋ ነኛ።

ክሊኒኩ ጳውሎስ አካባቢ ካሉት አንዱ ነው፣ ፎቅ ላይ፣ ከሥሩ መድኃኒት ቤት ያለው። ዶክተሯ ወጣት ሴት ናት። ልጄን ከፍ ያለ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት፤ አማቴ ከጎኗ፣ እኔ ፊት ለፊቷ ሆንን። ፊደል አስነበበቻት፣ መብራት አበራችባት፣ ከዚያ ከመሳቢያዋ አንድ መነጽርና ወፍራም መጽሐፍ የመሰለ ነገር አወጣች። ገጹ ላይ ትልቅ ዝንብ አለ።

"ይህን መነጽር አድርጊና የዝንቡን ክንፍ በጣትሽ ያዢልኝ" አለቻት። "ለሚታየው ሰው ክንፉ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ ይቆማል" አለችን ለእኛ።

ልጄ ዝንቡን አላየችውም። መነጽሩን አድርጋ ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

እዚህ ላይ ያደረግኩትን ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር። በአንገቴ "አዎ" አልኳት። አስቤበት አይደለም። ሰው ፊት ስሆን፣ በተለይ አማቴ ፊት፣ አንገቴ በራሱ "ይታያል" ይላል። ልጄም "ይታየኛል" አለችና ጣቶቿን ሰደደች። ጣቶቿ አየር ላይ ሳይቆሙ ወረቀቱ ላይ ደርሰው ጠፍጣፋውን ገጽ ቧጠጡ።

ዶክተሯ የልጄን ጣት አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። አልተቆጣችም። "እናት፣ እስቲ ፊትዎን ወደ ግድግዳው ያዙሩልኝ" አለችኝ።

ትዳር ይዤ፣ ልጅ ወልጄ፣ የቤት ሥራ እንዳልሠራች ተማሪ ተነስቼ ወደ ግድግዳ ዞርኩ። ግድግዳው ላይ ቀለሙ የተላጠበት ቦታ ነበረ፤ እሱን እያየሁ ቆምኩ። ከኋላዬ ዶክተሯ እንደገና ጠየቀቻት። ልጄ ወንበሩ ላይ ስትቁነጠነጥ ሰማኋት። የምታየው ፊት አጥታ ነው።

"አይታየኝም" አለች በመጨረሻ፣ በጣም በቀስታ።

ዶክተሯ መጻፍ ጀመረች። "ከቤተሰብ አንድ ዐይኑ የሰነፈ ሰው አለ?"

ፈጥነው የመለሱት አማቴ ናቸው። "በእኛ በኩል የለም። በእሷም በኩል የለም፤ ሲጋቡ አጣርተናል።"

ወደ እነሱ ዞሬ ቢሆን ኖሮ ያን ቃል አልናገረውም ነበር፤ ራሴን አውቃለሁ። ለግድግዳው ነው የተናገርኩት።

"አለ።"

"ማን?" አሉ አማቴ።

"እኔ ነኝ። ግራ ዐይኔ አያይም። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው፤ አውቀዋለሁ።"

የአማቴ ወንበር ተንቀጫቀጨ። ዶክተሯ አዙራ አስቀምጣኝ የእኔንም አየችው። የእኔ እንዳለፈበት፣ የልጄ ግን ቢዘገይም ሊሞከር እንደሚችል ነገረችን። መነጽር ይታዘዝላታል፤ ደህናው ዐይን ደግሞ በየቀኑ ለተወሰነ ሰዓት ይሸፈናል። መሻሻሉ የሚወሰነው ሽፋኑን በማድረጓ ብቻ እንደሆነ፣ ትምህርት ቤትም፣ መንገድም፣ እንግዳ ፊትም ቢሆን እንዳታወልቀው አስጠነቀቀችን። እንዴት እንደሚለጠፍ ልታሳየኝ የመጀመሪያውን እዚያው ለጠፈችላት። ልጄ በሰነፉ ዐይኗ አየችኝ፤ የት እንዳለሁ የምትፈልግ ትመስል ነበር።

ኮሪደሩ ላይ አማቴ ቆሙ። ወደ እኔ አልዞሩም።

"ሰው ፊት ሳመሰግንሽ ዝም ብለሽ ትሰሚኝ ነበር?" አሉ።

"አዎ እማማ።"

"ልጅቷንም ሳመሰግን?"

"አዎ።"

ስድብ ጠብቄ ነበር፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው "እኔ እኮ ቦዩን ስትዞር አይቼ ለሰው አወራ ነበር" አሉና ቀድመውን ሄዱ። ያፈርኩት ስለዋሸኋቸው ብቻ አይደለም። ኩራታቸውን ባዶ አድርጌባቸዋለሁ፤ በየበሩ ሲያወሩት የኖሩት ወሬ የልጅ ልጃቸው ሕመም ነበር።

ታክሲ ተራው ጋ ስንደርስ ሚኒባሱ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ረዳቱ "ቶሎ ቶሎ ግቡ!" ይላል። አማቴ ቀድመው ገብተው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ልጄ በሩ ጋ ደርሳ ቆመች፤ እጇን ዘርግታ አየሩን ዳሰሰች።

"እማዬ፣ መርገጫው የት ጋ ነው?" አለች ጮክ ብላ። "አይታየኝም!"

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ማንንም ያልጠየቅኩትን ጥያቄ ነው የጠየቀችው። ሆኖም መጀመሪያ የተሰማኝ ኩራት አልነበረም። እፍረት ነው። "እሽሽ፣ ቀስ በይ" ልላት አፌ ተከፍቶ ነበር። ረዳቱ አጎንብሶ "ልጅቷ ምን ሆና ነው?" ሲል የታክሲው ሰው ሁሉ ዞረ።

አማቴ ከውስጥ መለሱለት። በር ላይ ቆመው አላፊ አግዳሚውን "ቁርጥ እናቷን!" በሚሉበት በዚያው ከፍ ባለ ድምፃቸው ነው የመለሱለት።

"አንድ ዐይኗ አያይም። የእናቷም አያይም። እጅህን ስጣቸው!"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት "እኔን" ስትል ሰማሁ። ረዳቱ ልጄን በብብቷ አንስቶ አማቴ ጭን ላይ አስቀመጣትና ለእኔም እጁን ዘረጋልኝ። እንደወትሮው ቢሆን እጁን ትቼ የበሩን ብረት ፈልጌ ይዤ፣ ተከናንቤ፣ በጨዋ ደንብ እገባ ነበር። ሁሉም እያየኝ እጄን ሰደድኩ። ያዝኩት ብዬ ጨበጥኩ፤ መዳፌ ውስጥ ምንም አልነበረም።

ማንም አልሳቀም። አማቴ ከውስጥ ጎንበስ ብለው እጄን ያያሉ።

"ገና ነው" አሉኝ። "ጨምሪ።"

ጨመርኩ፤ የሰውዬውን ጣቶች አገኘኋቸው።